አንዱን መዝገብ ከሩቅ ሆነው በአንድነት ስለ ማየት

በንግድ ሥራ ላይ ጠብ የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ክፋት ሳይሆን አለመተያየት ነው። ሻጩ አንድ ቁጥር ይዞ ሲናገር ገዢው ሌላ ቁጥር ይዞ ያዳምጣል፤ ባለሱቁ የትናንቱን ዝርዝር እያየ ሲያዝ ጅምላ ሻጩ የዛሬውን ዝርዝር እያየ ይልካል፤ ዕቃው ደርሶ ሲፈታ ግን ሁለቱም «እኔ እንዲህ አላልሁም» ይባባላሉ። የቀድሞ ነጋዴዎች ይህን ክርክር ለማስቀረት መዝገቡን በመካከላቸው ዘርግተው፣ ጣታቸውን በመሥመሩ ላይ አኑረው፣ «ይኸው እይ» ተባብለው ይዋዋሉ ነበር። ዛሬ ግን ሻጩ በጓንግዡ፣ ወኪሉ በዱባይ፣ ገዢው በመርካቶ የሚገኙ ስለ ሆነ አንድ መዝገብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋላቸው አይችልም።

ዳሩ ግን መዝገቡ ራሱ ባሕር መሻገር ባይችል የመዝገቡ መልክ ሊሻገር ይችላል። በአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ የተከፈተ አንድ ፕሮግራም፣ ማለት የሒሳብ መዝገብ ወይም የዋጋ ዝርዝር ወይም የመጋዘን ቆጠራ፣ በሌላ ከተማና በሌላ አገር ባሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ስክሪን ላይ በዚያው ሰዓት እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ተመልካቾቹ ያንኑ ፕሮግራም መግዛትም ሆነ መዝገቡን በእጃቸው መያዝ አያስፈልጋቸውም፤ ባለቤቱ ሲጽፍ ያያሉ፤ ሲሰርዝም ያያሉ። ከነጋዴዎች መካከል ይህን ነገር እንደ ጨዋታ ቆጥረው የናቁት አሉ፤ ያለ ጥንቃቄ ተቀብለው ከመዝገቡ ጋር የቤታቸውን ቁልፍ አብረው የሰጡም አሉ። ሁለቱም መንገድ ስሕተት ነው። የሚበጀው አንዱን መስኮት ማሳየትን፣ ጠቅላላውን ስክሪን ማሳየትንና ኮምፒውተሩን ለሌላ ሰው እጅ አሳልፎ መስጠትን ለየብቻ ለይቶ ማወቅ ነው። የመጀመሪያው በሰፊው ሊሠራበት ይገባል፤ ሁለተኛው በቁጥብነት፤ ሦስተኛው ግን በብርቱ ጥንቃቄ ነው።

ነገሩ ዛሬ የተገኘ አዲስ ነገር አይደለም። ኅዳር 30 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ዲሴምበር 9 ቀን 1968፣ ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አንድ ሺህ ያህል ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ አዲስ አሠራር አሳይቶ ነበር። እርሱ በጉባኤው አዳራሽ ተቀምጦ፣ ባልደረባው ደግሞ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሜንሎ ፓርክ በሚገኘው የምርምር ጣቢያ ሆኖ፣ ሁለቱ አንድ ጽሑፍ በአንድነት እያዩና እየተነጋገሩ ሠሩ። ለነጋዴ ደስ የሚያሰኘው ነገር፣ ኤንግልባርት በዚያ ቀን ለማሳያ ካቀረባቸው ጽሑፎች አንዱ ተራ የገበያ ዕቃ ዝርዝር መሆኑ ነው። ስለዚህ ይህ ብልሃት ገና ከመወለዱ ጀምሮ ለገበያ ሰው ባዕድ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። በ1984 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም «ኤክስ» የተባለው ሥርዓት ተጀመረ፤ በዚህም ሥርዓት በአንድ መኪና ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም መስኮቱን በሌላ መኪና ስክሪን ላይ ሊከፍት ቻለ። በ1996 ማይክሮሶፍት ኔትሚቲንግ የተባለውን ፕሮግራም አውጥቶ አንዱን ፕሮግራም ብቻ ለይቶ ለብዙ ተመልካቾች ማሳየትን በየጽሕፈት ቤቱ አስገባ። በ1998 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የነበረ የምርምር ቤት «ቪ ኤን ሲ» የተባለውን ሥራውን ለሁሉ በነጻ ለቀቀ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የኮሮና በሽታ መጥቶ ሰው ሁሉ በየቤቱ በተዘጋበት ጊዜ ነገሩ በአንድ ጊዜ የብዙ ሰው መሣሪያ ሆነ። ዙም የተባለው ኩባንያ በዲሴምበር 2019 በየቀኑ ስብሰባ የሚገቡት ተሳታፊዎች 10 ሚሊዮን ያህል እንደ ነበሩ፣ በአፕሪል 2020 ግን 300 ሚሊዮን እንደ ደረሱ አስታውቋል፤ ይህም በአንድ ቀን ሁለት ስብሰባ የገባውን ሰው ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ነው።

አሠራሩን በመጠኑ ማወቅ ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ ጥቅሙም ሆነ ጉዳቱ ከአሠራሩ ይመነጫልና። ፕሮግራሙና መዝገቡ ምን ጊዜም ከባለቤቱ ኮምፒውተር አይወጡም። የሚሔደው መልኩ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ የመስኮቱን ሥዕል በትናንሽ አራት ማዕዘን ከፍሎ፣ ከመጀመሪያው ሥዕል በኋላ የተለወጠውን ማዕዘን ብቻ እየመረጠና እያሳጠረ ይልካል፤ የተመልካቹ ኮምፒውተርም እየተቀበለ ይሥላል። ባለቤቱ ከፈቀደ ደግሞ ከተመልካቹ ወገን የቁልፍ ሰሌዳና የማውስ ምልክት ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ ተመልካች መሆኑ ቀርቶ በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው ይሆናል። እንግዲህ በማየትና በመሥራት መካከል ያለው አጥር ይህ አንድ ፈቃድ ብቻ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

የሚላከው ነገር መጠንም በቀላሉ ሊሰላ ይችላል። በስፋቱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥብ ያለው የተለመደው ስክሪን፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ቢታሰብ፣ ሳይታጠር 6,220,800 ባይት ይሆናል። በሒሳብ መዝገብ ውስጥ አንዲት ቁጥር ስትለወጥ ግን የሚለወጠው ቦታ በስፋቱ 200፣ በቁመቱ 30 ነጥብ ቢሆን 18,000 ባይት ብቻ ነው፤ ይህም ከሙሉው ስክሪን ከሦስት መቶ አርባ እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የዋጋ ዝርዝርንና የሒሳብ መዝገብን ማሳየት ለደካማ መሥመርም ቢሆን ከባድ ሸክም አይደለም። መሥመሩን የሚያንቀው የሚንቀሳቀስ ሥዕል፣ ገጽን ያለማቋረጥ ወደ ላይና ወደ ታች ማንሸራተትና የእያንዳንዱን ሰው ፊት በካሜራ ማሳየት ነው። «የኔ ኢንተርኔት ለዚህ አይበቃም» የሚል ነጋዴ በመጀመሪያ ካሜራውን ዘግቶ፣ አንዱን መስኮት ብቻ ከፍቶ፣ ድምፁን በተለመደው ስልክ አድርጎ ቢሞክር አሳቡን ሳይለውጥ አይቀርም።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ ቢባል፣ በመጀመሪያ ተጠቃሚ የሚሆነው አስመጪው ነው። አስመጪ ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ተቀብሎ፣ ወደ ባንክ አቅርቦ፣ ኤል ሲ አስከፍቶ ከጨረሰ በኋላ በዕቃው ስም ወይም በብዛቱ ላይ አንዲት ስሕተት ብትገኝ ማረሚያው ገንዘብና ቀን ይፈጃል። ባንክ የሚያየው ሰነድን እንጂ ዕቃን አይደለምና፣ በኢንቮይሱና በኤል ሲው መካከል የምትገኝ ትንሽ ልዩነት ክፍያን ታስቆማለች፤ ዕቃውም በወደብ ላይ ኪራይ እየቆጠረ ይቆያል። ኢንቮይሱ ገና ረቂቅ ሳለ ሻጩ በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ፣ አስመጪው በአዲስ አበባ፣ የጉምሩክ አስተላላፊውም በያለበት ሆነው መሥመር በመሥመር ቢያዩት ግን፣ አስተላላፊው «ይህ የዕቃ ስም በጉምሩክ ታሪፍ ውስጥ በሌላ ቁጥር ይገባል» ሲል ሻጩ በዚያው ሰዓት ያርመዋል። ሦስት ቀን የሚፈጀው ደብዳቤ መጻጻፍ በግማሽ ሰዓት ያልቃል።

ላኪውም ከዚህ ያላነሰ ጥቅም አለው። ለምሳሌ ቡናን እንውሰድ። አንድ ኮንቴይነር እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሚመዝን 320 ጆንያ ቡና ይይዛል ቢባል ክብደቱ 19,200 ኪሎ ነው፤ በፓውንድ ሲቆጠር 42,329 ያህል ይሆናል። በዓለም ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ በአሜሪካ ሣንቲም በፓውንድ ስለሚነገር፣ በአንድ ፓውንድ ላይ አንዲት ሣንቲም ብቻ የተሳሳተ ሰው በአንድ ኮንቴይነር 423 ዶላር ያህል ያጣል። ገዢው በፓውንድ፣ ሻጩ በኪሎ፣ ጸሐፊው በኩንታል የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ ስሕተቱ ከአንዲት ሣንቲም አይቆምም። ላኪው ስሌቱን በከፈተው አንድ መስኮት ላይ ገዢውም ሲያየው፣ ኪሎው ወደ ፓውንድ የተለወጠበት መሥመር፣ የመጫኛው ወር፣ የእርጥበቱ መጠንና የናሙናው ቁጥር በሁለቱም ዓይን ፊት ይቆማሉ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ባለሱቁም ቢሆን የተተወ አይደለም። በሁለትና በሦስት ከተማ ሱቅ ያለው ነጋዴ በወር መጨረሻ ሒሳቡን ለመዝጋት ጸሐፊዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ መጥራት፣ አለዚያም ሒሳብ ዐዋቂውን በየከተማው መላክ ልማዱ ነበር። አሁን ግን የመጋዘኑን ቆጠራ የያዘው ሰው መዝገቡን በአዋሳ ከፍቶ፣ የደሴውና የጅማው ጸሐፊ እያዩ፣ ሒሳብ ዐዋቂው በአዲስ አበባ ሆኖ «በቁጥር 14 መሥመር ላይ ያለው ደረሰኝ የት አለ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የአውቶቡስ ዋጋ መቅረቱ ትንሹ ጥቅም ነው፤ ትልቁ ጥቅም ጸሐፊዎቹ ሁሉ አንዱ የሌላውን ስሕተት አይቶ መማሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። «ፋይሉን መላክ ሲቻል መስኮቱን ማሳየት ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። መልሱ አጭር ነው። የተላከ ፋይል ይባዛል፤ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ቅጂ ላይ ያርማል፤ በሁለተኛው ቀን አራት የተለያዩ «የመጨረሻ» ዝርዝሮች ይኖራሉ። ከዚህም በላይ የተላከ ፋይል አይመለስም፤ ነገ ተወዳዳሪ ሊሆን በሚችል ሰው እጅ ለዘለዓለም ይቀራል። ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት ላይ በአንድ ሰነድ ውስጥ አብረው የሚጽፉበት አሠራርም አለ፤ ጎግል ይህን ከ2006 ጀምሮ አቅርቧል። ይህ ለስብሰባ ቃለ ጉባኤና ለጋራ እቅድ እጅግ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ነጋዴ የመግዣ ዋጋውን ያሰፈረበት መዝገብ የጋራ ሰነድ ሊሆን አይገባውም። መስኮትን ማሳየት ማለት መዝገቡን ከፍቶ በእጅ እንደ ያዙ ለእንግዳ ማስነበብ ነው፤ ፋይልን መላክ ግን መዝገቡን ከነሽፋኑ ማስረከብ ነው። እንግዳው በዓይኑ ያየውን በፎቶግራፍ ሊያስቀረው መቻሉ እውነት ነው፤ ቢሆንም ያልታየው ገጽ አብሮ አይሔድም።

እስከዚህ ድረስ ስለ ጥቅሙ ተነገረ። የጉዳቱ በር የሚከፈተው ግን ነጋዴው ከአንዱ መስኮት ይልቅ ጠቅላላውን ስክሪን ባሳየ ጊዜ ነው። ሁለቱ ምርጫዎች በፕሮግራሙ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሚገኙ ብዙ ሰው ሳያስብ ሙሉውን ይነካል። ያን ጊዜ ከባንክ የመጣው መልእክት በጥግ ብቅ ይላል፤ ከሌላ ደንበኛ የተላከው የዋጋ ጥያቄ ይነበባል፤ በስክሪኑ ላይ የተቀመጡት የፋይል ስሞች ከማን ጋር እንደሚነግድ ይመሰክራሉ። ለሻጭ «ሌላ አቅራቢ አላገኘሁም» ብሎ ሲከራከር የነበረ ገዢ፣ የሌላው አቅራቢ ስም በገዛ ስክሪኑ ላይ ቢነበብ ክርክሩን በዚያው ይሸነፋል።

አንዱን መስኮት ብቻ ማሳየትም ቢሆን ፍጹም መጋረጃ አይደለም። በስሌት ሠንጠረዡ ውስጥ ከመሸጫው ዋጋ አጠገብ ያለው ዓምድ የመግዣውን ዋጋ የያዘ እንደ ሆነ፣ መስኮቱ ሁለቱንም አብሮ ያሳያል። ከታች የተደረደሩት የሌሎች ገጾች ስሞችም ይታያሉ። በስብሰባው መካከል ሌላ ፋይል ለመክፈት የሚሞክር ሰው፣ የፋይሎቹን ዝርዝር የያዘው ሣጥን አብሮ ሊታይበት ይችላል። ስለዚህ ለእንግዳ የሚታየው መዝገብ ለእንግዳ ተብሎ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሊሆን ይገባል። ለእንግዳ ቤቱን የሚጠርግ ሰው መዝገቡን ሳይጠርግ ቢያቀርብ የሚያስገርም ነው።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ማየትን አልፎ እጅን መስጠት ነው። አታላዮች ይህን መንገድ በሚገባ ተምረውታል። ሰውየው በስልክ ይደውልና «ጌታዬ፣ በባንክ ሒሳብዎ ላይ ችግር ስለ ተገኘ ላስተካክልልዎ ነው፤ ይህን ፕሮግራም ይጫኑና ቁጥሩን ይንገሩኝ» ይላል። ቁጥሩ ከተነገረው በኋላ ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ የእርሱ ነው፤ የባንኩን የምሥጢር ቁጥር ያያል፤ ገንዘቡንም ባለቤቱ እያየ ያወጣል። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ በ2019 ባንኮች ሁሉ ስለዚህ ዓይነት ማታለል ደንበኞቻቸውን እንዲያስጠነቅቁ አሳስቦ ነበር። ፕሮግራሞቹ በራሳቸው ክፉዎች አይደሉም፤ በብዙ አገር የታወቁ የሥራ መሣሪያዎች ናቸው። ጥፋቱ ያልታወቀን ሰው በስልክ ድምፁ ብቻ አምኖ ወደ ገንዘብ ሣጥን ማስገባት ነው። እውነተኛ ባንክ ደንበኛውን በስልክ ጠርቶ ኮምፒውተሩን እንዲከፍትለት አይጠይቅም።

ከዚህ ያላነሰ፣ ነገር ግን ብዙ የማይነገርለት ቸልተኝነት ሌላ አለ። የሒሳብ ፕሮግራም የሸጠ ወይም የሚጠግን ባለሙያ ሥራውን እንዲያቃልልለት በነጋዴው ኮምፒውተር ላይ ከሩቅ የሚገባበት በር ከፍቶ፣ በማይለወጥ የይለፍ ቃል አስሮት ይሔዳል። ባለሙያው ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን በሩ ሌሊትና ቀን ክፍት ነው። በሜይ 2019 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ የርቀት መግቢያ ውስጥ ለተገኘ ብርቱ ጉድለት ማስተካከያ ባወጣ ጊዜ፣ ድጋፉ በ2014 ለተቋረጠው ለዊንዶውስ ኤክስ ፒ ጭምር ማስተካከያ መስጠቱ የአደጋውን ክብደት ያስረዳል። መዝገብን ቆልፈው «ገንዘብ ካልከፈላችሁ አንፈታም» የሚሉ ወንበዴዎችም ብዙውን ጊዜ የሚገቡት እንዲህ ባለ በር ነው። የሱቁን መዝጊያ በሁለት ቁልፍ የሚቆልፍ ነጋዴ ይህን በር ክፍት ትቶ ቢተኛ ጥበቃው ሁሉ ከንቱ ነው።

ስለ ሕግም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋል፤ ስለዚህ አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለ ሆነ ብቻ ዋጋ የለውም የሚባልበት ዘመን አልፏል። እንደዚሁም ያለ ፈቃድ በሰው ኮምፒውተር መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ የደንበኛን ወይም የሠራተኛን የግል መረጃ በግዴለሽነት ማሳየትም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚያስጠይቅ ነው። ነገር ግን ነጋዴዎች አንድ ነገር ሊያስተውሉ ይገባል። በስክሪን ላይ አብሮ ማየት በራሱ ውል አይደለም። መስኮቱ ሲዘጋ ቁጥሩ አብሮ ይጠፋል፤ ነገ ክርክር ቢነሣ «አሳይቼው ነበር» ማለት ምስክር የሌለው ቃል ሆኖ ይቀራል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እንዲህ ካለ ስብሰባ በኋላ የተስማሙበት ነገር በጽሑፍ ተልኮ፣ በጽሑፍ «ተቀብያለሁ» ሊባል ይገባል።

ከላይ ከተነገረው በመነሣት አንድ የንግድ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ሊጠብቃቸው የሚገባ ደንቦች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ ለውጭ ሰው የሚታየው አንድ መስኮት ብቻ ይሁን፤ ጠቅላላው ስክሪን ከንግድ ቤቱ ሠራተኞች ውጭ ለማንም አይታይ።

2ኛ፤ ለእንግዳ የሚታየው መዝገብ የመግዣ ዋጋና የሌላ ደንበኛ ስም ያልያዘ፣ ለብቻው የተዘጋጀ ቅጂ ይሁን፤ ዓምድን መደበቅ ብቻ አይበቃም፤ ማውጣት ይሻላል።

3ኛ፤ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት የገቡት ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይጠራ፤ ስሙ ያልታወቀ ተመልካች ይሰናበት። ስብሰባው የሚቀዳ እንደ ሆነም ሁሉም አስቀድሞ ይወቀው።

4ኛ፤ ሥዕሉ ከድምፁ ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል ተናጋሪው «ይህኛው» ከማለት ይልቅ የመሥመሩን ቁጥር ይጥራ፤ አድማጩም ቁጥሩን ደግሞ ይናገር።

5ኛ፤ ኮምፒውተሩን ለሌላ እጅ መስጠት የግድ ባስፈለገ ጊዜ፣ ጥሪው ከነጋዴው የተነሣ ይሁን እንጂ ከሩቁ ሰው የመጣ አይሁን፤ ባለቤቱ እስከ መጨረሻው ከፊቱ አይነሣ፤ ሥራው ሲያልቅ በሩ ይዘጋ፤ የይለፍ ቃሉም ይለወጥ። የባንክ ገጽ በዚያ ሰዓት ከቶ አይከፈት።

6ኛ፤ የቀጠሮ ሰዓት ሲነገር የማን አገር ሰዓትና የማን አገር ቀን እንደ ሆነ ይገለጽ። በአዲስ አበባ ከጧቱ 3 ሰዓት በጓንግዡ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ነው፤ ፈረንጁ ግን አንዱን 9፣ ሌላውን 14 ብሎ ይጠራዋል። በዚህ ብቻ የጠፋ ቀጠሮ ብዙ ነው።

7ኛ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የስምምነቱ ቃል በጽሑፍ ይላክ።

እነዚህ ደንቦች ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም፤ ልማድን ብቻ ይጠይቃሉ። ልማድ ግን በአንድ ሰው ብቻ አይመሠረትም። አንዱ ነጋዴ ጠንቅቆ፣ ተዋዋዩ ግን ቸል ቢል መዝገቡ በተዋዋዩ በኩል ይወጣል። ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቶችና የየዘርፉ ማኅበራት በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ነገር ቢያደርጉ ይበጃል። አንደኛው፣ ከሩቅ ሆኖ መዝገብን አብሮ ስለ ማየት አንድ ገጽ የሆነ፣ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የተጻፈ የስምምነት ቃል አዘጋጅተው ለአባሎቻቸው ማደል ነው፤ ይኸውም ማን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚያይ፣ መቅዳት የተፈቀደ ወይም የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ነው። ሁለተኛው፣ ለትናንሽ ነጋዴዎች ጸሐፊዎች የአንድ ቀን ትምህርት መስጠት ነው። ባለጸጋው ኩባንያ ባለሙያ ቀጥሮ ራሱን ይጠብቃል፤ ባለሱቁ ግን ብዙ ጊዜ የሚማረው ከደረሰበት ጉዳት ነው።

ትምህርቱ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። የመንግሥት አገልግሎት ራሱ ወደዚህ እየሔደ ነው። አስመጪና ላኪ ፈቃዱንና የጉምሩክ ሰነዱን የሚያቀርብበት የኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት በ2020 ሥራ ጀምሯል። ጉዳያቸውን በዚህ ዓይነት መንገድ የሚፈጽሙ ነጋዴዎች ለአስተላላፊያቸው ወይም ለዘመዳቸው የመግቢያ ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን ጽፈው ቢሰጡ፣ ይህ ማኅተምን ከነቀለሙ እንደ መስጠት ነው። ባለቤቱ በራሱ ስም ገብቶ ገጹን ለአስተላላፊው ከሩቅ ቢያሳየው፣ እርሱም «እዚህ ላይ ይህን ይሙሉ» እያለ ቢመራው፣ ሥራው ይፈጸማል፤ ማኅተሙም ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ያን ጊዜ ባለቤቱ በስሙ የሚቀርበውን ነገር ሁሉ በዓይኑ አይቶ ያውቃል።

«ነገሩ ለወጣቶች ነው» የሚሉ አንጋፋ ነጋዴዎች ቢኖሩ፣ የሚጠየቁት አዲስ ጥበብ እንዲፈጥሩ እንዳልሆነ ሊገነዘቡት ይገባል። መዝገቡን ከእንግዳ ፊት ሲዘረጉ የትኛውን ገጽ ገልጠው የትኛውን እንደሚሸፍኑ፣ ብዕሩን ለማን እንደሚሰጡና ለማን እንደማይሰጡ፣ ከመለያየታቸው በፊት ምን እንደሚያስፈርሙ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ወጣቱ ጸሐፊ የትኛው ቁልፍ እንደሚነካ ያውቃል፤ አንጋፋው ነጋዴ ደግሞ ምን መታየት እንደሌለበት ያውቃል። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ከተቀመጡ ጠረጴዛው ከመርካቶ እስከ ጓንግዡ ቢረዝም የሚያሰጋ ነገር የለም።